ትንሽ ጨጓራ በወሎ ማዕድ ላይ

ክብደት ለመቀነስ ጨጓራዬን ካሳነሰው ቀዶ ሕክምና በኋላ በተሰጠኝ የምግብ መመሪያ ውስጥ ከሁሉም ያናደደኝ «ፋይበር ያላቸውን ምግቦች ይጨምሩ» የሚለው መስመር ነበር። መመሪያው የተጻፈው ነጭ ዳቦና ነጭ ሩዝ ለሚበላ፣ ምስርንም አልፎ አልፎ እንደ አዲስ ነገር ለሚቀምስ ሰው እንደሆነ ምሳሌዎቹ ራሳቸው ይናገራሉ። እኛ ደሴ ላይ ጤፉን ከነቅርፊቱ አስፈጭተን እንጋግራለን፤ በላዩ ሽሮ እናፈስሳለን፤ ከጎኑ ጎመን እናስቀምጣለን፤ ቡና ሲፈላ ቆሎ እንቆረጥማለን፤ ማታ ንፍሮ ከተገኘም እምቢ አንልም። አሰር፣ ማለትም ፋይበር፣ ጎደለኝ ብሎ የሚያማርር ወሎዬ እስካሁን አልገጠመኝም።

ስለዚህ ምክሩን ገልብጬ እኖራለሁ። እንደ እኔ ለተሠራለት ሰው፣ በተለይ በወሎ ማዕድ ላይ ለሚቀመጥ፣ ፕሮቲን ይቅደም፤ አሰር ይከተል፤ ውሃ ደግሞ ከሁለቱም ተለይቶ የራሱ ሰዓት ይኑረው ባይ ነኝ። ምክንያቴን ዘርዘር አድርጌ ልጻፈው። ሐኪም አይደለሁም፤ የሌላውን ሰው ሆድ የሚያውቀው የራሱ ሐኪም ነው።

የተሠራልኝ ባይፓስ የሚባለው ነው። ክብደቴና የስኳር በሽታዬ እየተደጋገፉ ካስቸገሩኝ በኋላ፣ ከብዙ ምክርና ምርመራ ቀጥሎ ወሰንኩ፤ ስለ ውሳኔው ሌላ ጊዜ እጽፍ ይሆናል። በዚህ ቀዶ ሕክምና ሐኪሞች ከጨጓራው አናት ላይ 30 ሚሊ ሊትር ያህል የምትይዝ ከረጢት ይለያሉ፤ ከዚያ ትንሹን አንጀት ከመነሻው ዝቅ ብለው ቆርጠው ወደ ላይ በመሳብ ከእሷ ጋር ያገናኙታል። 30 ሚሊ ሊትር የቡና ሲኒ ግማሽ አይሞላም። ከረጢቷ ውሎ አድሮ ሰፋ ብትልም የድሮው ጨጓራ ግን አትሆንም። ምግቡም ቀሪውን ጨጓራና ዱኦደነም የሚባለውን የትንሹን አንጀት መነሻ ሳይነካ አልፎ ይሄዳል። ስሊቭ የሚባለው ሌላው ዓይነት ቀለል ይላል፤ ከጨጓራው 80 በመቶ ገደማ ተቆርጦ ይወጣል፤ አንጀቱ ግን ባለበት ይቀራል።

የባዮሎጂ መምህርት ነኝ። ይህን አንጀት ለዓመታት በጥቁር ሰሌዳ ላይ ስስለው፣ ተማሪዎቼም ክፍሎቹን በቅደም ተከተል እንዲጠሩልኝ ስጨቀጭቃቸው ኖሬአለሁ። አሁን ሰሌዳው ላይ የምስለውና እኔ የተሸከምኩት አይመሳሰሉም። ብረትና ካልሲየም በብዛት የሚመጠጡት የእኔ ምግብ በማይደርስበት በዚያ የመጀመሪያ ክፍል ነው። ቫይታሚን ቢ12 የሚመጠጠው በትንሹ አንጀት መጨረሻ ላይ ቢሆንም፣ እዚያ ከመድረሱ በፊት ከጨጓራ የሚመነጭ አሲድና ኢንትሪንሲክ ፋክተር የተባለ ፕሮቲን ሊያገኘው ይገባል። ሁለቱም ከትንሿ ከረጢት በበቂ መጠን አይወጡም። ለዚህ ነው ባይፓስ የተሠራለት ሰው የቫይታሚንና የማዕድን ክኒን ዕድሜ ልኩን የሚውጠው። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ይደነግጣል። እኔን ያሳሰበኝ ግን ክኒኑ አልነበረም፤ ክኒኑ የሚዋጥበት ሰዓትና ከምን ጋር እንደሚገናኝ ነው።

ወሎ ላይ ይህን ለዘመድ ማስረዳት የራሱ ጣጣ አለው። በ1966 ዓ.ም. እና በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ስሙ በዓለም ሁሉ በተነሣ አገር፣ የሰባ ሰባቱን ክፉ ቀን በዓይናቸው ባዩ እናቶች ፊት፣ «ትንሽ እንድበላ ብዬ ሆዴን አስቆረጥኩ» ማለት ከባድ ነው። እናቴ ዝም ብለው ሲያዳምጡኝ ቆይተው «ሰው ከጥጋብ ይሸሻል?» አሉኝ። ቁጣ አልነበረበትም፤ ከልባቸው ነው የጠየቁት። መልስ አልሰጠሁም፤ አሁንም የምሰጠው መልስ የለኝም። ለቅሶ ቤትም ሆነ ሠርግ ቤት ስሄድ ደግሞ «አፈር ስሆን»፣ «በሞቴ» እየተባለ የሚቀርበው ጉርሻ አንዱ ብቻውን ከረጢቴን ይሞላታል። እምቢ ማለት ያስቀይማል፤ መዋጥ ያስታውከኛል። ጎረቤቶቼ አሁን ለምደውኛል። የሩቅ ዘመድ ሲመጣ ነው ነገሩ እንደ አዲስ የሚጀመረው።

ወደ ምግቡ ልመለስ። ከእንዲህ ዓይነት ቀዶ ሕክምና በኋላ በቀን ቢያንስ 60 ግራም ፕሮቲን ይመከራል። ጡንቻ የሚጠበቀው፣ ቁስል የሚሽረው፣ ፀጉርም የሚያገግመው በእሱ ነው። (ፀጉር በመጀመሪያዎቹ ወራት መርገፉ ክብደት በፍጥነት ሲቀንስ የሚያጋጥም ነገር ነው፤ ፕሮቲንና ብረት ሲያንሱ ግን ይብሳል። ሹሩባ የምትሠራኝ ልጅ ከእኔ በላይ ደንግጣ ነበር።) አሁን ሒሳቡን ተመልከቱ። 200 ግራም የተቀቀለ ምስር 18 ግራም ገደማ ፕሮቲን አለው፤ አብሮት ግን 15 ግራም ገደማ አሰር ይመጣል። አንድ እንቁላል 6 ግራም ገደማ ፕሮቲን አለው፤ አሰር የለውም። ጤናማ ጨጓራ ላለው ሰው ምስሩ ድንቅ ምግብ ነው። ለእኔ ግን 200 ግራም ምስር በአንድ ማዕድ የማይታሰብ ነው፤ ጥቂቱን ስበላም አሰሩ ውሃ ይዞ ያብጥና ከረጢቷን አስቀድሞ ይሞላታል። ጠግቤ እነሣለሁ፤ ፕሮቲኑ ግን ገና ነው። በላይ በላዩ እንጀራ ሲጨመር ጉዳዩ አለቀ ማለት ነው።

ስለዚህ ማዕዴ የሚጀመረው በእንቁላል፣ በአይብ፣ በደንብ በበሰለ ዶሮ ወይም ከሐይቅ በሚመጣ ዓሣ ነው። የሐይቅ ቆሮሶ ለእኔ ዓይነቱ ሰው የተፈጠረ ይመስለኛል፤ ሥጋው ለስላሳ ነው፤ ብዙ ሳይታኘክ ይበተናል። ሽሮና ምስር ይከተላሉ፤ ቀጠን ተደርገው፣ በማንኪያ። እንጀራ ከቀረ ይቀራል። «ያለ እንጀራ ምን ምግብ አለ?» የሚለኝ ሰው ብዙ ነው፤ አሁን መከራከር ትቻለሁ።

አሰር ቦታ ከመያዙ ሌላ አንድ ተጨማሪ ነገር ይዞ ይመጣል። በእህልና በጥራጥሬ ውስጥ፣ በተለይም በቅርፊቱ አካባቢ፣ ፋይቴት የሚባል ንጥረ ነገር አለ። ፋይቴት ብረትን፣ ዚንክንና ካልሲየምን ጠፍሮ ይይዝና አንጀት እንዳይመጣቸው ያደርጋል። ዱኦደነሙ ሥራውን ለሚሠራ ሰው ይህ ትልቅ ጉዳት ላይሆን ይችላል፤ ለእኔ ግን የመምጠጫው ቦታ ራሱ ተዘልሏል። «ጤፍ ብረት ሞልቶታል፣ ደም ማነስ አይነካሽም» ይሉኛል። ጤፍ ብረት እንዳለው እውነት ነው። ይሁንና ተለክቶ ከሚገኘው ብረት የተወሰነው ጤፉ በአውድማ በበሬ ሲወቃ ከአፈር የተቀላቀለ ነው፤ ያን ሰውነት በቀላሉ አያገኘውም። ከእህሉ ከራሱ የሆነውን ደግሞ ፋይቴቱ ይዞታል።

እዚህ ላይ እናቶቻችን የሚሠሩት ሥራ ከብዙ መመሪያ ይበልጣል። ሊጥ በእርሾ ሁለት ሦስት ቀን ሲብላላ እየኮመጠጠ ይሄዳል፤ በዚያ ጊዜ ፋይቴዝ የሚባለው ኢንዛይም ፋይቴቱን ይሰባብራል። ብረቱና ዚንኩ ያኔ ይፈታሉ። አፍለኛ እንጀራ ጣፋጭ ነው፤ ነገር ግን በደንብ የኮመጠጠው ለእኔ ይሻለኛል። ባቄላ ተዘፍዝፎ በቆልት ሲሆንም ተመሳሳይ ነገር ይከናወናል። በማዕድ ላይ ሎሚ ጨመቅ ማድረግ፣ ጥሬ ቲማቲምና ቃሪያ መጨመር ደግሞ በቫይታሚን ሲ ምክንያት ከእህል የሚገኘውን ብረት ያግዛል። የሥጋ ብረት ይህን ያህል ጣጣ የለበትም፤ ፋይቴት ብዙም አያግደውም።

ይህን ሁሉ ስል አሰርን የተውኩት እንዳይመስል። ያለ አሰር የሆድ ድርቀቱ ያስለቅሳል፤ የምውጠው የብረት ክኒን ደግሞ ያብሰዋል። እኔ የምለየው ዓይነቱን ነው። በውሃ የሚሟሟው አሰር፣ በገብስ፣ በአጃ፣ በአብሽና በተልባ ውስጥ የሚገኘው፣ እንደ ዝልግልግ ሆኖ ምግቡ በዝግታ እንዲያልፍ ይረዳል። ባይፓስ ለተሠራለት ሰው ይህ ትርፍ አለው፤ ጣፋጭ ነገር በልቶ ምግቡ በአንዴ ወደ አንጀት ሲወርድ ላብ የሚያሰምጠው፣ ልብ የሚያስመታውና ተቅማጥ የሚያመጣው ዳምፒንግ የሚባለው ሁኔታ ይቀንስለታል። የማይሟሟው፣ የጥሬ ጎመን ግንድና የቆሎ ቅርፊት ዓይነቱ፣ ሌላ ነው። ሳይደቅ ከወረደ በጠባቡ መውጫ ላይ ተጠላልፎ ሊቆም ይችላል፤ አንዳንዴም ተጠቅልሎ ጠጣር ኳስ እስከመሆን ይደርሳል፤ ያን ጊዜ ሐኪም ዘንድ ያስኬዳል። ቆሎ ትቻለሁ። በቡና ሰዓት ቆሎ መተው ወሎ ላይ ቀላል መሥዋዕትነት አይደለም።

ተልባውን በደንብ አስፈጭቼ በብዙ ውሃ እዘፈዝፈዋለሁ፤ ከቆየ በኋላ አጥልዬ ቀጭኑን ፉት እላለሁ። ሲሊየም የሚባለውን ዱቄት ከውጭ የሚያስመጡ አሉ፤ ሥራው ተመሳሳይ ነው፤ ዋጋው ግን አይመሳሰልም። ሁለቱም አንድ ጠባይ አላቸው፤ ውሃ ካላገኙ እዚያው ይረጋሉ። አሰር ያለ ውሃ ለሆድ ድርቀት መፍትሔ መሆኑ ይቀርና ራሱ ድርቀት ይሆናል። ሁለቱም ክኒንን አቅፈው ስለሚይዙ ከመድኃኒቶቼ ጋር አላገናኛቸውም፤ በመካከላቸው ጥቂት ሰዓታት አደርጋለሁ።

ውሃው ነው ከሁሉም የከበደኝ። በቀን አንድ ሊትር ተኩል ወይም ከዚያ በላይ ይባላል። ቀድሞ ከትምህርት ቤት ስመለስ አንድ ጣሳ ውሃ ጭልጥ አድርጌ እጠጣ ነበር፤ አሁን ጭልጥ ማድረግ የለም። ፉት፣ ቆይታ፣ ፉት። ከምግብ ጋር አይጠጣም፤ ከበሉም በኋላ 30 ደቂቃ ይጠበቃል። ከእንቅልፍ፣ ከማዕድና ከክፍለ ጊዜ የተረፈውን ጊዜ ስታስቡት፣ ውሃ መጠጣት ሁለተኛ ሥራ ይሆናል። ደሴ ደግሞ በጦሳ ተራራ ሥር፣ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ በብርድ ውስጥ ተቀምጣ ጥማትን አታስታውስም። ወደ ኮምቦልቻ ስወርድ ሙቀቱ ራሱ «ጠጪ» ይለኛል፤ ደሴ ግን በክረምት ጉም ውስጥ ቀኑን ሙሉ ውሃ ሳይታወሰኝ ሊመሽ ይችላል። ስለዚህ ጠርሙሱን ክፍል ውስጥ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጣለሁ፤ ተማሪዎቹም «ቲቸር ውሃሽን» እያሉ ያስታውሱኛል። እያሾፉ ነው፤ ግን ይጠቅመኛል።

«ከምግብ ጋር የተጠጣ ውሃ ቫይታሚኑን አጥቦ ይወስደዋል» የሚሉ አሉ። አላምንም። ውሃውን ከምግቡ የምለየው ለቀላል ምክንያት ነው፤ ለሁለቱም ቦታ የለም። ውሃው ከገባ እንቁላሉ ይቀራል፤ ሁለቱም ከገቡ ማስታወክ ይመጣል። ማስታወክ ደግሞ ቀልድ አይደለም። ቫይታሚን ቢ1 በሰውነት ውስጥ ከሁለት ሦስት ሳምንት በላይ የሚያቆይ ክምችት የለውም፤ ማስታወክ ለቀናት ከቀጠለ ክምችቱ ያልቅና ነርቭንና አንጎልን ይጎዳል። ይህ በቤት ውስጥ ዝንጅብል እየጠጡ የሚታለፍ ነገር ስላልሆነ ወዲያው ወደ ሐኪም መሄድ ነው።

ውሃን በራሱ አንጀቴ ያለ ችግር ይመጥጠዋል፤ የቀረው ትንሽ አንጀት ለዚያ ይበቃል። ችግሩ በጠባቧ በር ማሳለፉ ነው። ሳይበቃ ሲቀር የሚጎዳው ኩላሊትም ነው። ከባይፓስ በኋላ በደንብ ያልተመጠጠ ስብ በአንጀት ውስጥ ካልሲየምን ይዞ ይሄዳል፤ ያን ካልሲየም ያጣው ኦክሳሌት የሚባል በአትክልት ውስጥ የሚገኝ ንጥረ ነገር ደግሞ ወደ ደም ይገባና በኩላሊት በኩል ሲወጣ ጠጠር ሊሠራ ይችላል። ቀይ ሥር፣ ስፒናችና ለውዝ ኦክሳሌት ይበዛባቸዋል። ውሃ ሽንቱን ያቀጥነዋል፤ ከምግብ ጋር የሚወሰድ ካልሲየም ደግሞ ኦክሳሌቱን እዚያው አንጀት ውስጥ ይይዘዋል። የእኔ ካልሲየም ሲትሬት የሚባለው ዓይነት ነው፤ ካርቦኔት የሚባለው ሌላው ዓይነት አሲድ ስለሚፈልግ ለትንሿ ከረጢት አይመችም። ሲትሬቱን ለማግኘት ብዙ ፋርማሲ ማንኳኳት አለብኝ፤ ካርቦኔቱ ግን በየመደርደሪያው አለ። ብረቱንና ካልሲየሙን ቢያንስ በሁለት ሰዓት አራርቃለሁ፤ አብረው ከገቡ ይሻማሉ።

ቡናው ቀረ። ከእናቴ ወገን ሙስሊም፣ ከአባቴ ወገን ክርስቲያን ነን፤ ወሎ ውስጥ ይህ ማንንም አያስገርምም። አክስቴ ሐጅ ያደረጉ፣ ቡና ሲያፈሉ ዱአ የማይለያቸው ሴት ናቸው። ምሳ በልተን ሳንነሣ አቦል ይቀርባል፤ ቶና ይከተላል፤ በረካ ሳይጠጣ መነሣት ነውር ነው። ችግሩ ከምግብ ጋር ወይም ከምግብ በኋላ ወዲያው የተጠጣ ቡና ከእህል የሚገኘውን ብረት ክፉኛ ያግደዋል፤ ሻይም እንዲሁ። ከምግብ አንድ ሰዓት ቀድሞ የተጠጣ ግን እዚህ ግባ የሚባል ጉዳት የለውም። ይህን ለአክስቴ ስነግራቸው ጥቂት አሰቡና «አብሽሪ ልጄ፤ ታዲያ ቡናው ይቅደም፣ ምሳው ይከተል» አሉ። በዕድሜያቸው የኖረውን ሥርዓት በአንድ ዓረፍተ ነገር ገለበጡት። አሁን አርብ ከጁምአ በፊት ቡናው ይጠጣል፣ ምሳው ሲመለሱ ይቀርባል። ጎረቤቶች መጀመሪያ ግራ ገብቷቸው ነበር፤ እሳቸው ግን «የልጄ ደም ነው» ብለው ዘግተውታል።

ደሜን በተመለከተ፣ እንደኔ ከፍታ ላይ ለሚኖሩ አንድ ነገር ልጨምር። የሄሞግሎቢን፣ ማለትም በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ፕሮቲን፣ ውጤት ሲመጣ ወረቀቱ ላይ ለሴት 12 እና ከዚያ በላይ ጤናማ ተብሎ ይጻፋል። ያ ቁጥር ለባሕር ጠረፍ ነው። ከፍታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ሰውነት ተጨማሪ ሄሞግሎቢን ይሠራል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ውጤቱ በከፍታ እንዲስተካከል ይመክራል። ስለዚህ ደሴ ላይ 12 ከምናምን ያላት ሴት «ደህና ነሽ» ተብላ ደም ማነስ ይዟት ልትሄድ ትችላለች። እኔ ፌሪቲን የሚባለውን፣ የብረት ክምችትን የሚያሳየውን፣ ምርመራ ጨምሬ አስጠይቃለሁ፤ ክምችቱ ከሄሞግሎቢኑ ቀድሞ ስለሚወርድ። የቢ12 ነገር ደግሞ ያታልላል፤ ጉበት ለዓመታት የሚሆን ስለሚያከማች ጉድለቱ የሚታየው ዘግይቶ ነው፤ ያኔ እጅና እግር ይደነዝዛል። የዐቢይ ጾም 55 ቀን፣ ረቡዕና አርብ ሲደመር፣ ከእንስሳት ውጤት ውጭ የማይገኘው ቢ12 ከየት ይመጣል? ከክኒኑ ወይም ከመርፌው። ጾሜን አላፈረስኩም፤ በጾም ወራት ክኒኑን አንድም ቀን እንዳልዘነጋ ግን ስልኬ ይጮሃል።

የአክስቴ ልጅ ኮምቦልቻ ላይ ትኖራለች፤ በቅርቡ ስሊቭ ተሠርቶላታል። ረመዳን ሲቃረብ «እጾማለሁ» አለች። አብረን ተቀምጠን ሒሳቡን ሠራን። ከማግሪብ እስከ ሱሁር ያለው ሰዓት ለእንቅልፍም፣ ለተራዊህም፣ ለምግብም፣ ለአንድ ሊትር ተኩል ውሃም ነው፤ ያውም ፉት እየተባለ፣ ከምግብ በኋላ 30 ደቂቃ እየተጠበቀ። አልገጣጠም አለን። ሐኪሟም በዚህ ዓመት አይሆንም አላት። እኛ ይህን ለእናቷ እንዴት እንደምንነግር ስንጨነቅ፣ አክስቴ ቀድመውን «የታመመ ሰው ሌላ ቀን ይከፍለዋል፤ ቁርኣኑ ራሱ ፈቅዶላታል» ብለው ጨረሱት። ልጅቱ አሁን ሾርባውን ለቤተሰቡ ትሠራለች፤ ቴምሩን ስታድል ራሷ አትነካም፤ ስኳሩ ያንቀጠቅጣታል። ትናንት ደውላ የጠየቀችኝ ስለ ተልባ ነው፤ አጥልላ ትጠጣው ወይስ ከነፍሬው? አጥልይው፣ ከብረቱ ክኒን ግን አርቂው አልኳት።